ለባንዲራ ያዧ የተላከ ሎሚ

ባለፈው ጥር አባቴን፣ አባየን፣ ልጠይቅ ልጄን ይዤ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ስሄድ፣ መንገዱ ላይ ጥገና ነበርና አውቶቡሳችን ቆመ። እኔ መኪና ሲሄድም ሲቆምም አልወድም። ሲሄድ እንዳይገለበጥ፣ ሲቆም ከኋላ የሚመጣው እንዳይገጨን እፈራለሁ። ልጄ እጇን በመስኮት እንዳታወጣ ክንዷን ይዤ፣ ፌስታል ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ከፊታችን የተሰለፉትን መኪናዎች አያለሁ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ቀብር ሊያመልጠው እንደሆነ ይናገራል። አንዷ ጫጩት በካርቶን ይዛ ነበርና ሙቀቱ ሊፈጅብኝ ነው ትላለች። በመስኮቱ የትኩስ ሬንጅ ሽታ ገባ። የልጄ ፊት ሲለወጥ ያየች ከጎናችን የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዋ ግማሽ ሎሚ አውጥታ፣ ይቺን ታሽትት ብላ ሰጠችኝ።

ሬንጁና ሎሚው አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገቡ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

ቤታችን ከገሳይ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በጉና ግርጌ፣ ከመኪናው መንገድ በላይ ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ያሳደገችኝ እህቴ ይታይሽ ናት። እሷም ራሷ ልጅ ነበረች፤ እኔን አዝላ ውሃ ትቀዳ ነበር ይላሉ። በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እታለም ነው የምላት። አባየና የአባየ እናት እሜቴም አብረውን ይኖራሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ በቤታችሁ ስንት ሰው አለ ብባል፣ እታለምንና እኔን ቆጥሬ እጨርስ ነበር።

በዚያ ዓመት ገብሱ ተወቅቶ ሲገባ የጠጠሩን መንገድ አስፋልት ሊያደርጉት ማሽኖች መጡ። ከቤታችን በታች መንገዱ ገደል ለገደል የሚጠማዘዝበት ቦታ አለ። ተራራውን እየቆረጡ ሲያሰፉት ለመኪና የቀረው አንድ መስመር ብቻ ሆነ። ከላይ የመጣው ሲያልፍ ከታች የመጣው መቆም አለበት። በሁለቱ ጫፍ የሚቆሙት ሰዎች ደግሞ ኩርባው ይጋርዳቸዋልና አይተያዩም። ለታችኛው ጫፍ መልካሙ የሚባል የክምር ድንጋይ ልጅ ባንዲራ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። ለላይኛው ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችውን እታለምን መረጠ።

አባየ አልወደዱትም። ሴት ልጅ መንገድ መሐል ቆማ ወንድ ታስቁም ወይ ብለው ቀኑን ሙሉ ሲቆጡ ዋሉ። የረቷቸው እሜቴ ናቸው።

"ኮርማ ከማሳ ስታስወጣ ዝም ብለህ፣ መኪና ስታስቆም ነው የምታፍር?" አሏቸው። "መኪናማ ፍሬን አለው።"

እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

ሁለት ባንዲራ ሰጧት፤ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ። ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት የምንሰቅለው ሦስት ቀለም ነውና ቢጫው የት ሄደ ብዬ ተጨነቅኩ። ብዙ አሰብኩና የታችኛው ልጅ ወስዶባታል ብዬ ወሰንኩ። መልካሙን ሳላየው የጠላሁት ያኔ ነው።

ከባንዲራው ሌላ ቁልፍ የሚሉት ነገር ነበር። ቀይ ጨርቅ የተጠቀለለበት የክንድ ያህል ዱላ ነው። የላይኞቹ መኪናዎች ሲለቀቁ እታለም ዱላውን ለመጨረሻው መኪና ረዳት ትሰጠዋለች። ያ መኪና ታች ሲደርስ ረዳቱ ዱላውን ለመልካሙ ያቀብለዋል። መልካሙ ዱላው እጁ ሲገባ መንገዱ ባዶ መሆኑን ያውቅና የእሱን ወገን ለቆ፣ በመጨረሻው መኪና ዱላውን ይመልስላታል። ዱላው በእጁ የሌለ ሰው መኪና አይለቅም። ካቦው፣ ቁልፉ ሳይመጣ ዝንብ እንዳታሳልፉ ብሏቸዋል። እኔ መንገዱ እንደ እሜቴ ሳጥን የሚቆለፍ መስሎኝ፣ ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ በየድንጋዩ ሥር ስፈልግ ከረምኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ቤት አልሄድም። እታለም ከምትቆምበት አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አቧራው ፊቷን እንደ ዱቄት ነጭ አድርጎት፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተጠምጥማ፣ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። ማታ አብረን ስንተኛ ነጠላዋ ሬንጅ ሬንጅ ይሸተኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር፤ ያን በጋ ሁለቱን መስመር ሳትጨርስ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ግማሽ ራሴ ተሠርቶ ግማሹ ተንጨብርሮ ትምህርት ቤት ሄጄ ልጆቹ፣ አንቺም መንገድ ሥራ ላይ ነሽ ወይ አሉኝ።

መንገደኛው ግን እሷን ብቻ ነው የሚያየው። ከጋይንት የሚመጣ በግ የጫነ፣ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ምዕመን፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ፣ ሁሉም እዚያ ይቆማል። ቆሞም ዝም አይል። ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይለምናታል፣ ይመርቃታል፣ ይራገማታል። ብስኩት የሚሰጣት ነበር፤ ለእኔ ታቀብለኛለች፤ እኔ ግን የእሷ ትራፊ መሆኑ አይጥመኝም ነበር። ብስኩቱን በላሁት እንጂ አልተውኩትም። እየበላሁም እቀና ነበር።

አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ክርኑን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ "እታለም፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ልቀቂኝ" አላት። ደሜ ፈላ። ከድንጋዩ ዘልዬ ወረድኩ።

"እታለም አትበላት። ለእኔ ነች እታለም።"

ሹፌሩ ወደ ታች አየኝ። "ለአንቺ ብቻ?"

"አዎ።"

"እንግዲያ እኛ ማን እንበላት?"

"ባንዲራ ያዧ በሏት።"

ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። እታለምም በነጠላዋ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሹፌሩም ረዳቱም ባንዲራ ያዧ ነው የሚሏት። እኔን ደግሞ ከሩቅ ሲያዩኝ፣ የእታለም ባለቤት እንዴት ዋልሽ ይሉኛል። ቀልዱ አልገባኝም፤ ያሸነፍኩ ነው የመሰለኝ።

ከገና በፊት ምጥ የያዛት ሴት ያለችበት ሚኒባስ መጣ። ቁልፉ ታች ነበር። ባልዋ ወርዶ እታለም እግር ላይ ሊወድቅ ደረሰ፤ እምቢ ስትለው ደግሞ ይራገማት ጀመር። ሴትዮዋ በመስኮቱ እጇን አውጥታ የእታለምን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። በምጥ የተያዘች መሆኗን አይቻለሁ፤ ስታቃስትም ሰምቻለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ግን እጇን አለመልቀቋ ነበር። እታለም ድንገት ቀዩን ባንዲራ ለእኔ ሰጥታ፣ ማንም ቢለምንሽ እንዳታወርጂ አለችኝና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቁልቁል ሮጠች። እስከዚያ ቀን እሷና መልካሙ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም ነበር። ቁልፉን ተቀብላ፣ እየሮጠች ተመልሳ፣ ሚኒባሱን ለቀቀችው። በማግስቱ ሹፌሩ ሲመለስ ወንድ ልጅ መወለዱን ነገረን። እታለም እልል አለች። እኔ እልል አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ እታለም ጠዋት ፊቷን ታጥባ መሄድ ጀመረች። አቧራ ላይ ለሚቆም ፊት መታጠብ ለምኑ ነው ብዬ ገረመኝ። ቁልፉ ከታች ሲመጣላትም ቶሎ አትይዘውም፤ ቀዩን ጨርቅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ታየዋለች። ጨርቁ ምን ይባላል፣ ያው ጨርቅ ነው።

ጥምቀት ሊደርስ ሰሞን፣ እታለም ከምንጩ ውሃ ልጠጣ ብላ እንደገና ቀዩን ባንዲራ አስያዘችኝ። ወዲያው ከታች የሚመጡት መኪናዎች ማለፍ ጀመሩ። በመጨረሻው መኪና ያለው ረዳት፣ አዲስ ልጅ ነው፣ በፊት አላየሁትም፣ ቁልፉን አቀበለኝና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ጨመረበት።

"ከታች ነው" አለኝ። "ለባንዲራ ያዧ ተብሏል።"

መኪናው አለፈ። ቋጠሮውን ስፈታው ሎሚ ነው። ግራ ቀኝ አየሁ። ባንዲራውን የያዘው ማን ነው? እኔ ነኝ።

በእኛ ብርድ አገር ሎሚ አይበቅልም። የምናየው በጥምቀት ነው፤ ጎረምሶቹ ከደብረ ታቦር ገበያ ይገዙና የወደዷትን ልጅ ደረቷ ላይ ይወረውሩባታል። ትርጉሙን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ፍርሃት ያዘኝ። ክፍል ውስጥ ከጎኔ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ባለፈው ዓመት ተድራ አልተመለሰችም፤ ቦታዋ ባዶ ነበር። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሁሉ ነገር የሚመጣው ለእሷ ነው። ይሄ ለእኔ መጣ። እታለም ከምንጩ ስትመለስ ቁልፉንና ባንዲራውን፣ የእሷን፣ ሰጠኋት። የእኔን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባየና እሜቴ ከንስሐ አባታችን ጋር ተቀምጠው ጠላ ይጠጡ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ "አላገባም" አልኩ። "ትምህርቴን ነው የምማረው።"

"ማን አግቢ አለሽ የኔ ልጅ?" አሉ እሜቴ።

ሎሚውን አውጥቼ አሳየኋቸው። እሜቴ ተቀብለው አሸተቱትና ዓይናቸውን በነጠላ እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ቄሱም ሳቁና ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አባየ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። እሜቴ፣ ይህን የሚያህል ጎረምሳ የት አገኘሽ ሲሉኝ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

"ከታች ነው የመጣ። ለባንዲራ ያዧ ተብሏል አለኝ።"

ሳቁ ቆመ። አባየ ጽዋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ባንዲራ ያዧ" አሉ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገሩት። እሜቴ ሎሚውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። እኔ አንዱን ፊት አንዱን ፊት እያየሁ ቆየሁ። ሎሚውም የእሷ እንደነበር ሲገባኝ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቄሱ የማለቅሰው ከትዳር በመትረፌ መስሏቸው ተነስተው ባረኩኝ።

ጥምቀት እስኪያልፍ አባየ ለእታለም አንድም ቃል አልተናገሩም። እሷም አልጠየቀቻቸው። የሎሚውን ነገር ከእሜቴ ሰምታ ነበርና እኔን ብቻ፣ ውሃ ስንቀዳ፣ አባየ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላሉም አልኳት። እውነት ነው፣ ምንም አላሉም። በልቤ ግን ተስፋ ነበረኝ። አባየ ይቆጣሉ፣ ባንዲራውን ያስጥሏታል፣ እታለም ወደ ቤት ትመለሳለች፣ ጸጉሬን ሠርታ ትጨርስልኛለች።

በዓሉ እንዳለፈ አባየ ዱላቸውን አነሱ። እሜቴ፣ ሳትናገር መጀመሪያ እየው ብለዋቸው ነበር። በእግር መንገዱ ወደ ታችኛው ጫፍ ሲወርዱ ተከተልኳቸው፤ ተመለሺ አላሉኝም። ታች ስንደርስ ሽቅብ የሚሄድ መንገደኛ መስለው በመኪናዎቹ ጎን አልፈው መልካሙ ፊት ደረሱ። ቀጭን ልጅ ነው። ቢጫ ባንዲራ ፈለግኩበት፤ የለውም።

"አባቴ፣ ይቁሙ። ቁልፉ አልመጣም" አላቸው።

"እኔ መኪና ነኝ?"

"እግረኛም ይቆማል። ከላይ ድንጋይ እየለቀቁ ነው።"

"ማን መሆኔን ብታውቅ እንዲህ አትለኝም።"

"እኔ ባውቅዎ ድንጋዩ አያውቅዎትም አባቴ" አላቸው። አነጋገሩ የለዘበ ነው፤ ባንዲራው ግን አልወረደም። የሚቀመጥበትን ድንጋይ በጆንያ ሸፍኖ አስቀመጣቸው፤ ከጀሪካኑም ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው። እኔንም ጭንቅላቴን ሊነካኝ ሲል ሸሸሁት።

አባየ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተቀምጠው ጠበቁ። ቆዳ የጫነ ነጋዴ ከመኪናው ወርዶ ያማርር ነበር። ይሄስ ደህና ነው፣ ከላይ ያለችው ግን ትብሳለች፣ ባለሥልጣን ቢሆን ቁልፉ ሳይመጣ አታሳልፍም፣ የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ፣ አባቷ ግን የማይነቃነቅ ሰው መሆን አለበት አለ። አባየ ሳል ያዛቸው። ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። እኔ ግን አየኋቸው፤ ሳል አልነበረም። ያኔ ነው ተስፋዬ መውደቅ የጀመረው።

አባየ ወደ መልካሙ ዞረው፣ "የማን ልጅ ነህ?" አሉት። የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ደብሩን ነገራቸው። አባየ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለአባትህ ንገርልኝ" አሉት። "ሎሚ የሚላከው ከሽማግሌ በኋላ ነው።"

ቀዩ ባንዲራ ከመልካሙ እጅ ወደቀ። ሹፌሮቹ ተለቀቅን ብለው ሞተር አስነሱ። ልጁ ባንዲራውን ከመሬት አፈፍ አድርጎ መኪናዎቹ ፊት ተገተረ፤ ፊቱ ከባንዲራው ይብስ ቀልቷል። አባየ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ። ዱላቸው ለምርኩዝ ብቻ መምጣቱን ሳይ፣ ስንመለስ ዳገቱን ሙሉ አላናገርኳቸውም።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። ዘር ተቆጠረ፤ ዝምድና እንዲገኝ ስንቱን ቅዱስ እንደለመንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አልተገኘም። የእኛ በኩል መንገድም ጥቁር ሆኖ ተጠናቀቀ፤ ድንኳኑና ማሽኑ ወደ ክምር ድንጋይ በኩል ተሻገረ። ድግሱ ሲሰናዳ እታለም ጓሮ ወሰደችኝና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጸጉሬን ከዳር እስከ ዳር ሠራችኝ። ፊቴ ወደ ሌላ ስለዞረ መናገር ቀለለኝ።

"አንቺ ስትሄጂ እኔ የማን ነኝ?"

እጇ ጸጉሬ ውስጥ ቆመ። "የኔ ነሽ ስንዱዬ። የማን ልትሆኚ ነው?"

"እሱስ?"

"እሱም የኔ ነው።"

"እኔ ቀድሜ ነው።"

"አንቺማ ቀድመሽ ነው" አለችኝ። "መንገዱ ይለቅ ብቻ፣ ጠዋት ከዚያ ተነስቼ ለምሳ እደርስልሻለሁ።"

እስከዚያ ቀን መንገዱ እንዲፈርስ ነበር የምጸልየው። ከዚያ ወዲህ እንዲያልቅ መጸለይ ጀመርኩ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ከክምር ድንጋይ ወዲህ ያለው ያልተነጠፈ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና እየዋጠ ነው ይባል ነበር፤ እሷም አልመጣችም። ውሃው፣ ኩበቱ፣ የእሜቴ ወገብ ሲያማቸው ማሸቱ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። አራተኛ ክፍልን ጀምሬ የገና በዓል ሳይደርስ ተውኩት። አልጋው ላይ መሐል ለመሐል እተኛ ነበር፤ ሰፊነቱን ግን አልወደድኩትም።

አስፋልቱ ከጫፍ ጫፍ ሲገጥም ገብሱ እንደገና እየታጨደ ነበር። በየቀኑ መንገድ ዳር እወርዳለሁ። አሁን የሚቆም መኪና የለም። ሹፌሮቹ በጠመዝማዛው ሽው ብለው ያልፋሉ፤ አንዱም የእታለም ባለቤት አይለኝም። ፊቴን ሳያዩት ነው የሚያልፉ።

አንድ ጠዋት አውቶቡስ ቆመ። እታለም ወረደች፤ ወፍራ፣ ቀይ ጥለት ያለው አዲስ ነጠላ ለብሳ። ልሮጥ ስል ከኋላዋ አንዲት ሕፃን ልጅ ወረደች። የመልካሙ ታናሽ እህት ናት፤ አንቺን ልታይ ከኔ አልለይም ብላ ነው የመጣችው አለችኝ እታለም። ልጅቷ ልታየኝ እንዳልመጣች ወዲያው ገባኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ የእታለምን ነጠላ ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበችው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

ሰላም አላልኳትም። በዚያኛው በኩል ዞሬ ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩ። እታለም በሁለታችን መሐል ሆና፣ ኧረ ነጠላዬን ልትቀዱብኝ ነው እያለች፣ ዳገቱን ሽቅብ ወጣን፤ እኔም አልለቀቅኩ፣ እሷም አልለቀቀች።